ሶጁ የተባለው የኮሪያ አረቄ በውጭ አገር ገበያ ስላገኘው ተወዳጅነት

በዓለም ላይ በብዛት የሚሸጠው አረቄ የትኛው እንደሆነ አንድ የመጠጥ ነጋዴ ድንገት ቢጠየቅ፣ ብዙውን ጊዜ የስኮትላንድን ዊስኪ ወይም የሩሲያን ቮድካ ይጠራል። መልሱ ግን ከሁለቱም ውጭ ነው። የመጠጥን ንግድ የሚከታተሉት ዓለም አቀፍ መጽሔቶች በየዓመቱ በሚያወጡት የሽያጭ መዝገብ ላይ፣ ጂንሮ በተባለው የንግድ ምልክት የሚታወቀው የኮሪያ ሶጁ ከ2001 ጀምሮ የአንደኝነቱን ስፍራ ይዞ ቆይቷል። በ2022 በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ፣ እያንዳንዱ ካርቶን በ9 ሊትር እየታሰበ ከ100 ሚሊዮን ካርቶን በላይ ተሸጧል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር ለአስመጪና ለላኪ ነጋዴ ብዙ ነገር አያስረዳም። ከዚህ ሁሉ መጠጥ የሚበዛውን የሚጠጡት ኮሪያውያን ራሳቸው በአገራቸው ነውና። የንግዱን ዓለም የሚያስደንቀው ከአገር የሚወጣው ትንሹ ክፍል ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሶጁ ከኮሪያ ውጭ የሚገኘው ስደተኞች ኮሪያውያን በከፈቷቸው ምግብ ቤቶችና ሱቆች ውስጥ ሲሆን፣ ጠጪዎቹም እነርሱው ነበሩ። ዛሬ ግን አረንጓዴው ጠርሙስ በማኒላ፣ በሎስ አንጀለስና በለንደን ትላልቅ መደብሮች መደርደሪያ ላይ ተሰልፎ ይታያል፤ የሚገዛውም የኮሪያን ቋንቋ አንዲት ቃል የማያውቅ ወጣት ነው። በ2024 ተራው ሶጁና በፍራፍሬ ጣዕም የተዘጋጀው ተደምረው፣ ወደ ውጭ የተላከው ከ200 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ አውጥቷል።

ስለ መጠጡ ጥንተ ነገር ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት አያስቸግርም። ሶጁ ማለት የተቃጠለ ወይም በእሳት የወጣ መጠጥ ማለት ነው። አሮጌው ስሙ ግን ከዚህ የበለጠ ለእኛ የቀረበ ነው፤ በኬሶንግ ከተማ አካባቢ የነበሩ ሰዎች አራክጁ ይሉት ነበር። ይህ ቃልና የእኛ አረቄ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። ሁለቱም የመጡት ላብ የሚል ትርጉም ካለው የዓረብኛ ቃል ሲሆን፣ እንፋሎቱ በቀዝቃዛው አካል ላይ እንደ ላብ እየተንጠባጠበ መውረዱን ያመለክታል። በእንፋሎት የማጣራቱን ጥበብ ወደ ኮሪያ ያስገቡት በ13ኛው መቶ ዓመት አገሪቱን የወረሩት ሞንጎሎች ናቸው፤ እነርሱም ያገኙት ከፋርስና ከዓረብ አገር ነው። የሞንጎል ጦር ሰፍሮባቸው የነበሩት ኬሶንግ፣ አንዶንግና የጄጁ ደሴት እስከ ዛሬ በአረቄያቸው የታወቁ ስፍራዎች ናቸው።

በጥንቱ ሥርዓት ሶጁ የሚሠራው ከሩዝ ነው። የተቀቀለው ሩዝ ኑሩክ ከተባለ፣ ከተፈጨ ስንዴ ተጠፍጥፎ ከሚሻግት እርሾ ጋር ይደባለቅና በውሃ ተበጥብጦ ይብላላል። ከዚያም ሁለት የሸክላ ዕቃዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተደርበው ከታች እሳት ይነድዳል፤ ከላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይቀመጣል። የሚወጣው ጠብታ በጎን በኩል በወጣችው አፍንጫ ይወርዳል። ጌሾና ብቅል ጠንስሳ፣ ከእንስራው ላይ የሸምበቆ ቧንቧ ገጥማ ካቲካላ የምታወጣ የአገራችን ባለሙያ ይህን ብታይ፣ እንግዳ የሚሆንባት የሩዙ ነገር ብቻ ነው። በአንዶንግ የሚወጣው ሶጁ የአልኮል ኃይሉ 45 በመቶ ነው።

ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው አረንጓዴ ጠርሙስ ግን ከዚህ ከጥንቱ መጠጥ ጋር በስም እንጂ በአሠራር ብዙ አይገናኝም። ለውጡ የመጣው በቀረጥና በእህል ችግር ምክንያት ነው። በ1909 የመጠጥ ግብር ሕግ ወጣ፤ በ1916 የጃፓን ቅኝ ገዥዎች ደንቡን አጠበቁት፤ በየቤቱ ይጠመቅ የነበረው መጠጥ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ከሕግ ውጭ ሆነና ሥራው ወደ ፋብሪካዎች ተዛወረ። ጂንሮ ራሱ የተቋቋመው በ1924 ዛሬ ሰሜን ኮሪያ በሚባለው ክፍል ነው። ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ ባለቤቶቹ ወደ ደቡብ ተሰደው በ1954 በሴኡል እንደገና ፋብሪካ ከፈቱ። ይህም የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በዚያው አገር ከነበሩበት ዘመን ጋር የተያያዘ ነው።

ትልቁ መታጠፊያ 1965 ነው። ሕዝቡ የሚበላው ሩዝ ባነሰበት በዚያ ዘመን መንግሥቱ ከእህል አረቄ ማውጣትን ከለከለ። ፋብሪካዎቹ ከስኳር ድንች፣ ከካሳቫና ከመሳሰሉት ርካሽ ሥራ ሥሮች እስከ 95 በመቶ የሚደርስ ንጹሕ አልኮል አውጥተው፣ በውሃ አቅጥነውና በጥቂቱ አጣፍጠው መሸጥ ጀመሩ። ይህ የቀጠነ ሶጁ ርካሽ ስለሆነ የሠራተኛው መጠጥ ሆነ። ጥንታዊው ሶጁ ግን በጥቂት ቤቶች ጓዳ በድብቅ ቀረ፤ እንደገና ከእህል እንዲሠራ የተፈቀደው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። አንድ አገር ሕዝቡን ለመመገብ ሲል ያወጣውን ሕግ ማንም ሊነቅፈው አይችልም፤ ዳሩ ግን በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ስንት አሠራር ከነባለሙያው እንደተቀበረ የሚቆጥር የለም።

መጠጡ ወደ ባዕድ አገር እንዲዘልቅ ያደረገው አንዱ ነገር የኃይሉ እየቀነሰ መሄድ ነው። በ1924 የጂንሮ ሶጁ 35 በመቶ አልኮል ነበረው። በ1965 ወደ 30፣ በ1973 ወደ 25 ወረደ። በ1998 ቻሚሱል የተባለው በ23 በመቶ ወጣ፤ በ2006 ከ20 በታች የሆነው ታየ፤ ዛሬ የተለመደው 16 በመቶ ያህል ነው። ይህ ከጠንካራ ወይን ጠጅ ብዙም የማይርቅ ኃይል ነው። የድሮዎቹ ጠጪዎች መጠጡ ውሃ ሆነ እያሉ ማማረራቸው አልቀረም። ፋብሪካዎቹ ግን ሁለት ጥቅም አግኝተዋል፤ አንደኛ፣ ንጹሑ አልኮል ከውሃ ይልቅ ውድ ስለሆነ ወጪው ይቀንሳል፤ ሁለተኛ፣ ቀድሞ አረቄ የማይደፍሩ ሴቶችና ወጣቶች ደንበኞች ሆነዋል።

በአገር ውስጥ ስለነበረው የንግድ ደንብ አንድ ነገር ሳይጠቀስ ማለፍ አይገባም፤ ባለሱቆችና ጅምላ ሻጮች በተለይ የሚያስቡበት ነውና። በ1976 በወጣው ደንብ መሠረት፣ ጅምላ ሻጩ ከሚገዛው ሶጁ ግማሹን በራሱ ክፍለ ሀገር ካለው ፋብሪካ እንዲገዛ ይገደድ ነበር። በዚህ የተነሣ እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የራሱን ሶጁ ይዞ ቀረ፤ ቡሳን የራሷን፣ ዴጉ የራሷን፣ ጄጁም የራሷን። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ፍርድ ቤት በ1996 ደንቡን ሻረው፤ ከዚያም በኋላ ትልቁ ድርጅት በየአውራጃው ገብቶ ትንንሾቹን ገፋቸው። ደንቡ የነጋዴውን ነፃነት ያሠረ ስለነበር መሻሩ ትክክል ነው ቢባልም፣ ለትንንሾቹ ፋብሪካዎች ጥላ እንደነበራቸው መካድ አይቻልም።

ጥቂት ቆይቶ ሌላ ሙግት ተነሣ። በኮሪያ የቀጠነው ሶጁ 35 በመቶ፣ ተጣርቶ የወጣው ሶጁ 50 በመቶ፣ ዊስኪ ግን 100 በመቶ የመጠጥ ግብር ይከፍል ነበር። የአውሮፓ ኅብረትና የአሜሪካ መንግሥት ይህ አድልዎ ነው ብለው በዓለም የንግድ ድርጅት ፊት ከሰሱ። ኮሪያ ሶጁ ከምግብ ጋር የሚጠጣ የሕዝብ መጠጥ ነው፣ ዊስኪ ግን የሌላ ጊዜና የሌላ ኪስ ነው ብላ ተከራከረች፤ ነገር ግን በ1999 መጀመሪያ ላይ ይግባኙም ተፈርዶባት አለቀ። ከጥር 2000 ጀምሮ ሁሉም 72 በመቶ እንዲከፍሉ ተደረገ። የዊስኪው ግብር ወረደ፤ የሶጁው ከእጥፍ በላይ ወጣ። የአገር ምርትን በግብር ልዩነት ከለላ አድርጎ የሚኖር ነጋዴ ሁሉ ይህን ክርክር ቢያነበው ይጠቅመዋል።

ወደ ውጭው ገበያ እንመለስ። ሶጁ መጀመሪያ ባሕር የተሻገረው በ1968 ሲሆን፣ የተላከውም በቬትናም ለነበሩት የኮሪያ ወታደሮች ነው። እውነተኛ የባዕድ ገበያ የሆነችው ግን ጃፓን ናት። ጃፓኖች ሾቹ የተባለ የራሳቸው ተመሳሳይ አረቄ ስላላቸው መጠጡን ማስተማር አላስፈለገም፤ አስቸጋሪው ከእነርሱ ጋር መወዳደሩ ነበር። ጂንሮ ለጃፓን የሚልከውን ጣዕሙን ለዚያ አገር ጠጪ አስተካክሎ፣ በትልቅ ጠርሙስ አድርጎ፣ በኮሪያ እንደ ርካሽ የሚታየውን መጠጥ በዚያ ከፍ ባለ ደረጃ አቀረበው። ጃፓኖችም በውሃ፣ በበረዶና በሻይ እያቀጠኑ ጠጡት። አንድ ዕቃ በአገሩ ያለውን ደረጃ ይዞ ወደ ሌላ አገር መሄድ ግዴታ እንዳልሆነ ከዚህ የሚሻል ምሳሌ አይገኝም።

በአሜሪካ ግን በሩን የከፈተው የመጠጥ ፈቃድ ሕግ ነው። በካሊፎርኒያ ጠንካራ መጠጥ የሚሸጥ ምግብ ቤት የሚያወጣው ፈቃድ ዋጋው እጅግ ውድ ሲሆን፣ የቢራና የወይን ጠጅ ፈቃድ ግን ቀላል ነው። በ1998 በወጣው ሕግ፣ ኃይሉ ከ24 በመቶ የማይበልጥ ሶጁ በቢራና በወይን ጠጅ ፈቃድ እንዲሸጥ ተፈቀደ። ይህን እንዲፈቀድ የወተወቱት የኮሪያ ምግብ ቤቶች ነበሩ። ነገር ግን ጥቅሙን ወዲያው ያስተዋሉት ሌሎች የቡና ቤትና የምግብ ቤት ባለቤቶች ናቸው፤ ቮድካ መሸጥ ያልተፈቀደላቸው በሶጁ ኮክቴል መቀመም ጀመሩ። ኒው ዮርክም ይህን የመሰለ ሕግ አላት። እንዲህ ሆኖ ብዙ አሜሪካውያን ሶጁን የቀመሱት ስሙን ሳያውቁት፣ በሎሚና በስኳር ተሸፍኖ ነው።

ከሁሉ የበለጠውን ለውጥ ያመጣው የፍራፍሬው ሶጁ ነው። በ2015 መጋቢት ወር ሎተ የተባለው ድርጅት ዩጃ በሚባል መዓዛማ ሎሚ የጣፈጠ፣ ኃይሉ 14 በመቶ የሆነ ሶጁ አወጣ፤ ከሦስት ወር በኋላ ተወዳዳሪው በግሬፕፍሩት የተዘጋጀ 13 በመቶ ይዞ ቀረበ። በኮሪያ ሰው ተሻምቶ ገዛው፤ ብዙም ሳይቆይ ጠገበው። ለሌላ ዕቃ ቢሆን ነገሩ በዚህ ባበቃ ነበር። ነገር ግን በአገሩ የተተወው መጠጥ በውጭ አገር ገነነ፤ ፋብሪካዎቹም የፕለምና የእንጆሪ ዓይነቶችን በተለይ ለውጭ ገበያ ብለው እስከማውጣት ደረሱ። ዛሬ በማኒላ ወይም በባንኮክ አንድ ወጣት ሶጁ ሲል በሐሳቡ የሚመጣበት ይህ ነው። የሴኡል ሽማግሌ ግን ይህን ሶጁ ብሎ አይጠራውም፤ የአገሩ ሕግም ሊኮር ብሎ ለይቶ መዝግቦታል።

የውጭ ጠጪዎች ለምን እንደወደዱት ሲመረመር አንድ ምክንያት ብቻ አይገኝም። ዋጋው ከዊስኪና ከቮድካ ይረክሳል። ጠርሙሱ 360 ሚሊሊትር ብቻ ስለሆነ ያልተለመደውን መጠጥ ለመሞከር የሚያስወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው። ጣዕሙ ቀላልና ከብዙ ምግብ ጋር የሚሄድ ነው፤ በተለይ ከተጠበሰ ሥጋና ከሚያቃጥል ወጥ ጋር። የኮሪያ ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች ደግሞ ማስታወቂያ ከሚሠራው የበለጠ ሠርተዋል። ጀግናዋ ከሥራዋ ስትባረር፣ ፍቅረኛሞች ሲጣሉ፣ አለቃ ከበታቾቹ ጋር ሲታረቅ አረንጓዴው ጠርሙስ ከጠረጴዛው ላይ አይጠፋም። በ2024 መጨረሻ ላይ ሮዜ የተባለችው ድምፃዊት ከአሜሪካዊው ብሩኖ ማርስ ጋር ያወጣችውና ዓለምን ያዳረሰው ዘፈን ስሙን ያገኘው ከኮሪያውያን የመጠጥ ጨዋታ ነው።

ከመጠጡ ጋር አብሮ የሚሸጠው ሥርዓቱም ነው። ኮሪያዊ ለራሱ አይቀዳም፤ ጎረቤቱ ይቀዳለታል። ለታላቅ ሲቀዳ ጠርሙሱን በሁለት እጁ ይይዛል፤ ከታላቁ እጅ ሲቀበልም በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ ፊቱን ወደ ጎን መልሶ ይጠጣል። ታላቅን በሁለት እጅ ማስተናገድ በእኛም አገር የጨዋ ልጅ ምልክት ስለሆነ ለኢትዮጵያዊ ይህ አያስገርመውም፤ ብርጭቆውን ለየብቻው ሲቀዳ ለኖረው አውሮፓዊ ግን አዲስ ጨዋታ ሆኖለታል። የኮሪያ ምግብ ቤቶች ይህን አውቀው ለእንግዶቻቸው ያስተምራሉ፤ የተማረ እንግዳም ሁለተኛ ጠርሙስ ያዛል።

ስለ ጠርሙሱም ጥቂት ማለት ይገባል። አረንጓዴው ቀለም የመጣው በ1994 ግሪን በተባለው ሶጁ ሲሆን፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ከ2009 በኋላ ፋብሪካዎቹ ተስማምተው አንድ ዓይነት ጠርሙስ ስለያዙ፣ አንዱ የሌላውን ባዶ አጥቦ ይሞላ ነበር። ደንበኛው ባዶውን ሲመልስ መያዣውን ይቀበላል፤ ይህም ከ2017 ጀምሮ 100 ዎን ነው። በ2019 ጂንሮ የድሮውን መልክ የሚያስታውስ ሰማያዊ ጥርት ያለ ጠርሙስ በማውጣቱ ስምምነቱ ተናጋ፤ በተወዳዳሪው ግቢ የዚህ ሰማያዊ ጠርሙስ ባዶ ተከምሮ ማን ያንሣው የሚል ጠብ ተፈጥሮ ነበር። ባሕር ተሻግሮ የሚሄደው ጠርሙስ ግን አይመለስም።

አሁን ላኪዎቹን የሚያሳስባቸው የስሙ ጉዳይ ነው። ሶጁ የሚለው ቃል እንደ ኮኛክ ወይም እንደ ሻምፓኝ የአንድ አካባቢ ንብረት ሆኖ በየአገሩ አልተጠበቀም። ስለዚህ በታይላንድ፣ በቬትናምና በኢንዶኔዥያ ያሉ ፋብሪካዎች አረንጓዴ ጠርሙስ አዘጋጅተው፣ የኮሪያን ፊደል ጽፈውበት፣ የራሳቸውን አልኮል እየሞሉ በርካሽ ይሸጣሉ። ገዥውም ከየት እንደመጣ ሳያስተውል ይገዛል። የይርጋ ጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን ቡና ስም በአሜሪካ ለማስመዝገብ ከ2005 ጀምሮ የተደረገውን ክርክር የሚያስታውሱ የአገራችን ቡና ላኪዎች ችግሩን ያለ አስተርጓሚ ይረዱታል። ልዩነቱ፣ የኮሪያው ሶጁ ራሱ ከየትኛውም አገር ሥራ ሥር ሊወጣ በሚችል አልኮል የሚሠራ በመሆኑ፣ ይህ የኛ ነው ብሎ ለመከራከር የሚይዙት አፈርና እህል ማነሱ ነው።

ስሙን በትክክል ሊያስከብሩ የሚችሉት ከ1965ቱ ክልከላ የተረፉት ናቸው። በአንዶንግ የነበሩት ወይዘሮ ቾ ኦክህዋ የቤታቸውን አሠራር ጠብቀው በመገኘታቸው በ1987 ሥራቸው እንደ ባህል ቅርስ ተመዘገበ። የእንግሊዝ ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1999 አንዶንግን በጎበኙ ጊዜ የልደት ማዕዳቸውን ያዘጋጁት እኚሁ ሴት ነበሩ፤ በ2020 ዐርፈዋል። ከ2005 ጀምሮ ህዋዮ የተባለው የሩዝ ሶጁ በጥሩ ጠርሙስ ወጥቷል። ቶኪ የተባለውን ሶጁ ደግሞ በ2016 በኒው ዮርክ ብሩክሊን መሥራት የጀመረው አሜሪካዊ ሲሆን፣ በኋላ ሥራውን ወደ ኮሪያ አዛውሮታል። በ2022 ጄይ ፓርክ የተባለው ዘፋኝ ዎን ሶጁ የሚባለውን ከሩዝ አውጥቶ ሲያቀርብ ወጣቶች ረጅም ሰልፍ ይዘው ገዝተውታል። የእነዚህ ሁሉ ዋጋ ከአረንጓዴው ጠርሙስ በብዙ ይበልጣል። በፍራፍሬው የለመደ የውጭ ጠጪ 45 በመቶ የሆነውን የአንዶንግ ሶጁ ሲቀምስ ሁለቱ አንድ ስም መያዛቸውን ለማመን ይቸገራል፤ በመሆኑም አረንጓዴው ጠርሙስ ለጥንቱ መጠጥ መንገድ ጠራጊም እንቅፋትም ሆኖበታል።

አስመጪና ባለሱቅ ሊያውቁት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። የፍራፍሬው ሶጁ ጣዕም የአልኮሉን ኃይል ይሸፍናል። ኃይሉ 13 በመቶ የሆነ አንድ ጠርሙስ ውስጥ 47 ሚሊሊትር ያህል ንጹሕ አልኮል ይገኛል፤ ይህም 5 በመቶ የሆነ ባለ 330 ሚሊሊትር ቢራ ሦስት ጠርሙስ ሊሆን ምንም አይቀረው። የ16 በመቶው ከሦስት ተኩል ቢራ ጋር ይተካከላል። በጠርሙሱ ላይ ወይንና እንጆሪ ተሥሎ ሲታይ ግን ለስላሳ መጠጥ ይመስላል። ስለዚህ ባለሱቁ ከጭማቂዎች ጎን ቢደረድረው ጥፋቱ የእርሱ ነው፤ ለልጅ ከተሸጠ በኋላ ፈረንጅ ፋብሪካ ወይም አስመጪ አሳስቶኝ ነው ማለት አያድነውም። አስመጪም ጭነቱን ከማዘዙ አስቀድሞ፣ የያዘው ሶጁ ይሁን ሊኮር በጉምሩክ ሰነዱ ላይ በየትኛው ስም እንደተጻፈ ቢያጣራ ከብዙ ጣጣ ይድናል፤ አንዱ ጠርሙስ ሁለት ዓይነት ስም ይዞ ስለሚጓዝ ነው።

ኮሪያውያኑ ራሳቸው ገበያውን ተከትለው ከአገር ወጥተዋል። ጂንሮን የሚያመርተው ድርጅት ከተቋቋመ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ከኮሪያ ውጭ የመጀመሪያው የሚሆነውን ፋብሪካ በ2025 መጀመሪያ ላይ በሰሜን ቬትናም፣ በዚያን ጊዜ ታይ ቢን ይባል በነበረው ክፍለ ሀገር የመሠረት ድንጋይ ጥሎለታል። ሲያልቅ በዋናነት የሚወጣበት የፍራፍሬው ዓይነት ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች እንዲሠራጭ ታስቧል። በቬትናም መሬት በኮሪያውያን የተሠራው ሶጁና በዚያው መሬት በቬትናማውያን የተሠራው ሶጁ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ ገዥው የሚለያቸው በጠርሙሱ ላይ በሚያነበው ምልክትና በሚከፍለው ዋጋ ብቻ ይሆናል።